አልታሰርም ያለች ባት

በመንዝ እንደኔ ያለ ባት ያለው ሰው ካለ ይምጣና እንለካካ። ሱሪዬን ጠቅልዬ ሞላሌ ገበያ ሳልፍ፣ በግ ሊገዛ የመጣው ሰውዬ በጉን ትቶ እኔን ነበር የሚያየው።

ያን ዓመት በሁዳዴ፣ ጭቃ የያዘውን የጭነት መኪና ስንገፋ ግን ግራ ባቴን ከኋላ በድንጋይ ተመታሁ። ዞር ብዬ ጓደኛዬን «ምን አድርጌህ ነው?» ብዬ በቡጢ አልኩት። ምስኪኑ፣ ሁለት እጁ መኪናው ላይ ነበር። ድንጋይም የለም። ለካ የተቀደደው የራሴ ሥጋ ነው።

እናቴ ወጌሻ አስጠራች። ሽማግሌው ሸምበቆና ጨርቃቸውን ዘረጉና፣ «አጥንቱ ተሰንጥቋል። አርባ ቀን ታስረህ ትተኛለህ» አሉ።

አርባ ቀን! የጓሳ ሜዳ በሳምንቱ ለአጨዳ ሊከፈት ነው። ስንት ዓመት ሲጠበቅ የኖረ የክዳን ሣር፣ ሲከፈት ያላጨደ ቀረበት ነው። የእናቴ ቤት ደግሞ ክዳኑ በስብሶ፣ ያለፈውን ክረምት መኝታዋን ከጥግ ጥግ ስታዞር ነው የከረመችው። ከኔ ሌላ አጫጅ የላትም።

«አባቴ፣ አጥንት አይደለም፣ ሥጋ ነው።»

«ከሁለተኛ ክፍል ጠፍተህ ዶክተር ሆንክ?»

«ስንት በግ ገፍፌያለሁ! ባት ማለት ከላይ መንታ ሥጋ ነው፤ ከጉልበት በላይ ይነሣና ወደ ታች አንድ ጅማት ሆኖ ተረከዝ ላይ ይታሰራል። የበጉን ጅማት ሲስቡት ሰኮናው እሺ ብሎ እንደሚታጠፍ አላዩም? ጾም ባይሆን አርጄ አሳይዎት ነበር።»

በደረቴ ተኛሁና «ይጭመቋት» አልኩ። ጨመቁ። እሪ አልኩ፣ እግሬ ግን እሺ አለ።

«አዩ? ጅማቱ አልተበጠሰም። ከመንታው ውስጠኛው ነው የተቀደደው።»

«አንካሳ ትሆናታለህ!»

«ሣር የሚታጨደው በባት ነው እንዴ?»

የጎረቤት በቅሎ ለምኜ ወጣሁ። ጓሳ ላይ ተንበርክኬ አጨድኩ። ጎረምሳው ሁሉ «ስግደት ነው አጨዳ?» እያለ ሳቀብኝ። «ለሁለቱም ይያዝልኝ» አልኩት። ሲመሽ ጉልበቴ ከባቴ ብሶ ነበር፤ የኔ ክምር ግን ከማንም አላነሰም።

ለፋሲካ ቤቱ ተከድኖ፣ በግ አርጄ ስበልት ወጌሻው ከች አሉ። የበጉን እግር አንሥተው ጅማቱን ሳብ አደረጉ። ሰኮናው እሺ አለ። ደግመው ሳቡ።

«ያቺ ባትህስ?»

«ትንሽ ሳስታለች። አሁንም ግን ከእርስዎ ትበልጣለች።»

ሳቃቸውን ዋጡ። ውጭ የበልጉ ዝናብ ይዘንባል። እናቴ ጥግ ላይ መኝታዋን እንዳነጠፈች ናት፤ እንደ አምናው አላዞረችውም።