በጌቴሴማኒ ሥዕል ፊት

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም ነው። ሳስታውሰው ዛሬም ደሜ ይፈላል።

እናቴ ልትጠይቀኝ ከደሴ መጥታ አሜሪካ፣ ሬንተን ከተማ እኔ ጋ ነበረች። ቤት መዋል ስለሰለቻት አንድ ቅዳሜ ሲያትል መሀል ከተማ ወዳለ የሥዕል ሙዚየም ወሰድኳት። ትልልቆቹን ሥዕሎች ዝም ብላ አለፈቻቸው። ከእጅ መዳፍ ብዙ የማትበልጥ አንዲት ሥዕል ጋ ስትደርስ ግን ቆመች። ከጎኗ ያለው ጽሑፍ ባሮክ የሚባለው የአውሮፓ ሥዕል ዘመን ሥራ ናት ይላል። ጌታ በአትክልቱ ስፍራ ተንበርክኮ ይጸልያል፤ ደቀ መዛሙርቱ ዛፍ ሥር ተኝተዋል። ዙሪያው ሁሉ ጨለማ ሆኖ ብርሃን ያለው ፊቱ ላይ ብቻ ነው።

«ጌቴሴማኒ ናት እኮ!» አለችኝ። ነጠላዋን አስተካክላ ልትሳለማት ጎንበስ አለች። ልይዛት እጄን ስዘረጋ የማስጠንቀቂያ ደወል ጮኸ።

ጥበቃው እየሮጠ መጣ። በእንግሊዝኛ «ወደ ኋላ!» እያለ ክንዷን ይዞ ሲስባት እናቴ በጉልበቷ ወደቀች። ገፈተርኩት። ሰዎች ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጹን ጀመር። ደረቱ ላይ የተጻፈውን ስም ሳነበው «ሙሉጌታ» ይላል።

«ሐበሻ ነህ እንዴ?» አልኩት።

«ሶ? ምን ይሁን?» አለኝ በአማርኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ፖሊስ ኮል ሳላደርግ ይዘሃት ውጣ። የምታሰድቡን እንዳንተ ያላችሁ ናችሁ።»

እናቱ የምትሆንን ሴት «ይዘሃት» ማለቱ ከመጎተቱ በላይ አንገበገበኝ።

እናቴ ወለሉ ላይ እንዳለች ቀና ብላ አየችው። «አማርኛ ታውቃለህ? ታዲያ ምነው ‹እናቴ፣ አይነካም› ብትለኝ? እተወው ነበር እኮ።»

 አለቃው መጣና በሰው ሁሉ ፊት እስከ በሩ አጅበው አስወጡን። እናቴ እያነከሰች ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ከጥበቃው ጋር ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ተገጣጠምን። ሰውየው እንዳየን መጥቶ እናቴ እግር ላይ ሊወድቅ ሲል ትከሻውን ይዛ አነሳችው።

«ካሜራ አለ፤ ከሥራ እንዳልባረር ፈርቼ ነው፣ እማማ» አላት።

እሷ እጁን እንደያዘች የእናቱን ጤንነት ጠየቀችው። እኔ ፊቴን አዞርኩ። ፍርሃቱን አላውቀውም ማለቴ አይደለም፤ እኔም ሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ ፓርኪንግ ውስጥ ስሠራ ብዙ ነገር ፈርቼ አልፌአለሁ። የሰው እናት ላይ ግን እጄን አላነሳሁም።

እናቴ አሁን ደሴ ናት። ስትደውል «ያ ልጅ እንዴት ነው?» ትለኛለች።

«ደህና ነው፤ ሰላም ይልሻል» እላታለሁ።

እሁድ እሁድ አየዋለሁ። አንድም ቀን አናግሬው አላውቅም።