አዴ ዘይነባን ያስወጣንበት ቤት

ሥራ በጀመርኩበት ቀን፣ በጎባ የታወቁት የጭቃ ቤት ሠሪ ኦቦ ሁሴን መሣሪያ አልሰጡኝም። «ጫማህን አውልቅ» አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ጭድ የተነሰነሰበት ጭቃ ስረግጥ ዋልኩ። የጎባን ብርድ የሚያውቅ ይፍረደኝ።

ከጭቃ ረጋጭነት እስከ ፎርማንነት ዓመታት ፈጀብኝ። ሙያውን የሚያውቅ ሰው እየጠፋ ሲሄድ ደግሞ እኔም «ባለሙያ» ተባልኩ።

አንድ ቀን አንድ ወጣት የፕሮጀክት ኃላፊ አስጠራኝ። የፕሮጀክቱ ዓላማ ቅርስ መጠበቅና ማኅበረሰብ ማነቃቃት ነው። የተመረጠው ቤት አዴ ዘይነባ ከቀበሌ ተከራይተው የሚኖሩበትና ሻይ የሚሸጡበት፣ ባለ በረንዳ የጭቃ ቤት ነበር። ሰፈሩን በየማለዳው የሚያነቃቃው የእሳቸው ሻይና ፓስቲ ነው። ኃላፊው ሥራውን የጀመረው እሳቸውን በማስወጣት ነው።

«ጋሼ ግርማ፣ ቅርስ ውስጥ እሳት አይነድም። ምድጃውን ያፍርሱልን።»

«የጣሪያውን እንጨት ከነቀዝ የሚጠብቀው እኮ ጭሱ ነው። ቤቱ ሲያፈስም በዕለቱ የሚጠሩኝ እሳቸው ናቸው።»

«እሱን ለእኛ ይተዉት።»

ተውኩለት። ምድጃውን በገዛ እጄ አፈረስኩ። አዴ ዘይነባ ማንቆርቆሪያቸውን አንጠልጥለው ሲያዩኝ ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ። ሥራውን ግን አላቋረጥኩም።

ልስኑን ስጨርስ ኃላፊው ግድግዳውን ዞሮ አየና «በጣም አዲስ መሰለ፤ ትንሽ አሮጌ አያስመስሉልንም?» አለኝ። ከዚያ ሪባን ተቆረጠ፣ ንግግር ተደረገ፣ በሩ ተቆለፈ። ማኅበረሰቡም በዚሁ ተነቃቅቶ ወደየቤቱ ገባ።

በሁለተኛው ክረምት፣ ማንም ያላየው የጣሪያ ቀዳዳ እያፈሰሰ ግድግዳውን አራሰው። ነቀዙም የጣሪያውን እንጨት ያለ ከልካይ በላው። ኃላፊው «የትኛው ኬሚካል ይሻላል?» ሲል ጠየቀኝ።

«አዴ ዘይነባ» አልኩት።

አልሳቀም። ለምኜ እንድመልሳቸው ግን ላከኝ።

በሚኒባስ እሳቸው ወደ ተዛወሩበት ወደ ሮቤ ሄድኩ። በአዲስ የቆርቆሮ ቤት ሻይ ሲቀዱ አገኘኋቸው፤ መቀመጫ የለም፣ ደንበኛው ሞልቷል።

«አከም ጅርታ? ና፣ እዚች ጋ ጠጋ በል» ብለው ሻይ ሰጡኝ። መልእክቴን እስከ መጨረሻው ሰሙ። «ምድጃዬን ያፈረስከው አንተ አይደለህ?»

«ነኝ።»

«አልሐምዱሊላህ፣ ሌላ ሠርቻለሁ። ነገ ሌላ ኃላፊ ሲመጣ ይሄንንም ታፈርሰዋለህ። በል ሻይህን ጠጣ።»

ቤቱ በሚቀጥለው ክረምት ወደቀ። «ቅርስ ነው፣ መንካት ክልክል ነው» የሚለው ታፔላ አሁንም ቆሟል።

አሮጌ ቤት እንድታድሱ ስትጠሩ መጀመሪያ የሚኖርበትን ሰው አነጋግሩ። እሱን አስወጡ ከተባላችሁ መሣሪያችሁን ሰብስባችሁ ሂዱ። እኔ አልሄድኩም።