በእናቷ እጅ ልክ

የሰፈሯ የከዚራ ልጆች እየጫኑ እንዳይረብሿት፣ ዳሃቦ የበሯ ደወል መጫኛ ከፍ ብሎ እንዲገጠም ፈልጋ ነበር። በዚያ ሁሉ የድሬ ሙቀት ካኪ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈው ሽማግሌ ኤሌክትሪሺያን ግን ሽቦውን ሳይዘረጋ፣ «ከደጅሽ ቆሞ እንዲጉላላ የማትፈልጊው ማን ነው?» አላት።

«እናቴ። በምርኩዝ ነው የምትሄደው።»

ሽማግሌው ጎበጥ አለ፤ በአንድ እጁ ምርኩዝ የያዘ መስሎ በሌላው ግድግዳውን ዳሰሰ። ጣቱ ያረፈበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አደረገና መጫኛውን እዚያው ገጠመው። ሽቦውን በመቃኑ ጥግ እንዲህ አድርጎ ስለሸሸገው ዳሃቦ ፈልጋ አጣችው። ሲጫነው ደወሉ ከውስጥ ጠራ።

«የእርስዎ ቤት ደወልማ እንዴት ያምር ይሆን፣ ጋሼ!»

ካቻቢቴውን ደረት ኪሱ ከተተ።

«የለኝም። ልጄ የሄደው በር በእጅ በሚንኳኳበት ዘመን ነው። ሲመጣ ደወል ካየ፣ የሌላ ሰው ቤት መስሎት ይመለሳል።»