ወደ ጤና ጣቢያ የሄደው ለቅሶ

እኔ የእድራችን ጡሩንባ ነፊ ነኝ። ሰው ሲሞት ማልጄ ተነስቼ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ጉብታ ላይ እነፋለሁ፣ እለፍፋለሁ፤ ሰውም እየረገመኝ ይነሳል። ትምህርቴ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ጀምሬ የተውኩት ነው። ካንሰር ምርመራ ውስጥ ምን አገባህ የሚለኝ ቢኖር አልፈርድበትም።

ያስገባችኝ አንዲት ልጅ ናት። ደብረ ብርሃን የጤና ትምህርት ስትማር ቆይታ ለልምምድ አንኮበር፣ እኛ ቀበሌ ጤና ኬላ ተመደበች። ሥራዋ ሴቶቹን አሳምና ከተማ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወጥተው የማህፀን በር ካንሰር እንዲመረመሩ ማድረግ ነው። "ኢንተርን ነኝ" አለችኝ። ምን ማለት ነው ብላት፣ "እየተማሩ ያለ ደሞዝ መሥራት ነው አባባ" አለች። ለካ እኔም ዕድሜ ልኬን ኢንተርን ሆኜ ኖሬአለሁ።

መንገድ እንዳሳያት፣ ውሻ እንድከለክልላት ለመነችኝ። እሺ ያልኩት ግን ደግ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። ሚስቴ የወር አበባዋ ከቆመ ከስንት ጊዜ በኋላ ደም እያየች ነበር። ተደብቃ ጨርቅ ስታጥብ ደርሼ ብጠይቃት "ብርድ ነው" አለችኝ። እኛ አገር ሁሉም ነገር ብርድ ነው። ልጅቷ በየቤቱ እየዞረች "የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ደም ከታየ ሳይውል ሳያድር መታየት ነው" ስትል ሰማሁ። ማታውኑ ለሚስቴ ነገርኳት።

"በዚህ ዕድሜዬ ልብሴን ገልቤ ለሰው ላሳይ? አንተ እንኳ ካየኸው ስንት ጊዜህ!"

"እኔማ ዓይኔ ደክሞ ነው" ብላት በማማሰያ አባረረችኝ።

የቀሩት ሴቶችም ያው ናቸው። "እሺ የኔ ልጅ፣ እንመጣለን" ይሏታል፣ ያበሏታል፣ አገላብጠው ይስሟታል፤ አይመጡም። የልምምዷ ጊዜ እያለቀ ሲሄድ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ጠየቀችኝ።

"አባባ፣ እዚህ አገር ሰው ሁሉ ሳይቀር የሚወጣው ለምንድን ነው?"

"ለቀብር ነዋ።"

"በምን ይጠራል?"

"በእኔ።"

"እንግዲያው ይንፉልኝ!"

ነፍቼ ወዲያው ለምርመራ መሆኑን ልለፍፍ ተስማማን። በማለዳ ወጥቼ ነፋሁ። ጡሩንባው ገደሉን ተሻግሮ ሄደ። ቀጥዬ "እናቶች፣ የሞተ የለም! ለማህፀን በር ምርመራ ነው!" ብዬ ጮህኩ። የአንኮበር ንፋስ ግን ቃሌን ከአፌ ነጥቆ ወደ ቆላው ይዞት ወረደ። እዚያ ማን እንደሰማው እንጃ።

ጉሙ ሳይገፈፍ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ንፍሮ ተሸክመው፣ ወንዶቹም ለመቃብሩ አካፋና ዶማ ይዘው ጤና ኬላው ደጅ ደረሱ። አንዲት ባልቴት ማን እንደሞተ እንኳ ሳትጠይቅ ደረቷን እየመታች ነው የመጣችው። ልጅቷ በርጩማ ላይ ወጥታ ነገሩን አስረዳች። ከዚያ ወረዱብኝ።

"ታዲያ ያለቀስኩትን ማን ይመልስልኛል?" አለች ባልቴቷ።

"ሽማግሌው ጃጅቷል" አለ አንዱ ባለ አካፋ።

ሚስቴ ከመሃላቸው ወጥታ ጠጋ አለችኝ። "እኔ እምቢ ብልህ አገሩን በሙሉ አስነሳህብኝ?" አለች፣ በዝግታ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሊበተኑ ሲሉ የእድሩ ዳኛ ከዘራውን መሬት ላይ ተከለ። በዕድሜም በተንኮልም ይበልጠኛል።

"ጡሩንባ ከተነፋ ነገሩ የእድር ነው። እድር የወጣ ሰው ደግሞ ሸኝቶ ሳይጨርስ ቤቱ አይገባም። ጤና ጣቢያው ድረስ ትሸኛላችሁ፤ ስም እዚያው ይጠራል።"

"ማንን ነው የምንሸኘው?" አለች ባልቴቷ።

"እርስ በርሳችሁን።"

ከእድር መቅረት በእኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። ሚስቴ ደግሞ አራስ ቤት ካልሆነች በቀር ቀርታ አታውቅም፤ በዚህ በጣም ትኮራለች። ዳኛውን በዓይኗ ገርፋው ነጠላዋን አጥብቃ ከፊት ሆነች።

ዳገቱን ስንወጣ ከአሊዩ አምባ አህዮቹን ጭኖ የመጣ ነጋዴ ለሬሳው መንገድ ለቆ ቆመ። ሬሳው አልመጣ ሲለው እኔን ያዘኝ።

"ኢና ሊላሂ! ማን ነው የሞተው?"

"ገና አልለየም" አልኩት።

ቀልዴ ነበር። ከአፌ ከወጣ በኋላ ግን ከፊት የምትሄደውን የሚስቴን ጀርባ አየሁ።

ጤና ጣቢያው ስንደርስ ነርሷ በር ከፍታ ያን ሁሉ ነጠላ የዘቀዘቀ ሰው ስታይ "እኛ ጋ የሞተ የለም!" ብላ ማለች። ልጅቷ ገብታ አረጋጋቻት። ወንዶቹ አካፋቸውን ተደግፈው ንፍሮውን ሲቅሙ ሚስቴ ቀድማ ገባች። ቆይታ ወጣችና ሴቶቹን "ግቡ፤ ከምጥ አይብስም" አለቻቸው። እኔን ግን ቀና ብላ አላየችኝም። ነርሷ ያየችው ስላላማራት ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ጽፋላት ነበር።

ደብረ ብርሃን ከሥጋዋ ቆንጥረው ወሰዱ። ውጤቱ እስኪመጣ ቤታችን ውስጥ ቀልድ ጠፋ። ሚስቴ የማላውቀው ትሕትና ታሳየኝ ጀመር፤ ከበሽታው ይልቅ እሱ አስፈራኝ። በኋላ ካንሰር ነው፣ ግን ገና ከቦታው አልተነቃነቀም ተባለ። አዲስ አበባ ተላክንና ማህፀኗን አወጡላት። ስትነቃ ጠጋ ብዬ እንዴት ነሽ አልኳት።

"ልጆቼ ያደሩበትን ቤት አፈረሱት" አለች። ትንሽ አሰበችና "ለነገሩ ባዶውን ነበር" ብላ ፊቷን አዞረች። ያኔ እንደምትድን አወቅኩ።

ሐኪሙ ከባድ ነገር እንዳታነሳ አዟል። ስለዚህ ውኃ የምቀዳው እኔ ነኝ። ጀሪካኑን በገመድ ጀርባዬ ላይ አስሬ ከምንጩ ስወጣ ሴቶቹ ወገባቸውን ይዘው ይስቃሉ። እሷ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከታ ከኋላዬ ትከተላለች።

"ቀጥ በል እንጂ፣ እየፈሰሰ ነው!"

"ክዳኑ ነው።"

"ክዳኑማ ደህና ነው። እኔ ስሸከመው መቼ ፈሶ ያውቃል?"

እስከ ቤት እንዲህ ስትጨቀጭቀኝ እንሄዳለን። መንገዱ አጭር ነው፤ እኔ ግን አልቸኩልም።