ድልድይ የሌለው የድልድይ መንገድ

ሄስተር ፕላምሪጅ ወደ ቶርንዊክ የመጣችው ከኮረብታው ማዶ ተድራ ነው። ሐሙስ ሐሙስ የድልድይ መንገድ ከገበያው አደባባይ በሚገናኝበት ጥግ ፎርማጆ ትሸጣለች። በዚያ መንገድ ላይ ድልድይ የሚባል ነገር የለም። ወንዙ ያለው ከከተማው በታች፣ ወፍጮው ጋ ነው። እኛ የከተማው ልጆች ስሙን ሰምተን ስላደግን ጠይቀን አናውቅም፤ ለሄስተር ግን አልዋጥ አላት።

“ድልድዩን ማን በላው?” ትለዋለች ጎረቤቷን አምብሮዝ ተክዌልን፣ ባለሥጋ ቤቱን።

“ያንቺን ፎርማጆ የጠሉ አይጦች ናቸዋ!”

አንድ የክረምት ጠዋት አደባባዩ በረዶ ለብሶ ተገኘ። ከሄስተር ድንኳን ፊት ለፊት ግን በረዶው ቀልጦ፣ እንደ መቀነት የቀጠነ እርጥብ መስመር ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ወፍጮው ቁልቁል ይጠማዘዛል። ሄስተር ተንበርክካ መስመሩ ላይ ባለው የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን ላይ ጆሮዋን ለጠፈች።

“ኧረ ተነሺ! ሰው ምን ይላል?” አለ አምብሮዝ።

“ዝም በል እስቲ! ከሥር ውሃ ይሄዳል።”

በሚቀጥለው ሐሙስ ቀይ ሥር የቀቀለችበትን ውሃ በባልዲ ይዛ መጣች። በክዳኑ ቀዳዳ ደፋችውና ሽርጧን ሳትፈታ ወደ ወፍጮው ሮጠች። ብዙ ቆመች። በኋላ ሐረግ ከሸፈነው ግንብ ሥር ቀይ ውሃ ብቅ ሲል እንደ ሕፃን አጨበጨበች።

ችግሩ፣ ዳክዬ ሊያበሉ የወረዱ ሴቶችም ቀዩን ውሃ አይተዋል። ሄስተር ስትመለስ ሥጋ ቤቱ በር ላይ ሰው ተሰብስቦ ይጮሃል።

“ደም ወንዝ ውስጥ ይደፋል እንዴ? አታፍርም?”

“ዛሬ ቢላ እንኳ አላነሣሁም!” ይላል አምብሮዝ፣ ፊቱ በርበሬ መስሎ።

“የኔ ነው!” አለች ሄስተር እያለከለከች። “ደም አይደለም፣ ቀይ ሥር ነው!”

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አምብሮዝ ግን አልሳቀም።

“ለቀይ ሥር ብለሽ ነው ስሜን ያጠፋሽው?”

“ይቅር በለኝ፣ አምብሮዝ። መጠየቅ ነበረብኝ። ግን ውሃው ወጣ እኮ! በየት እንደሚያልፍ ማየት አትፈልግም?”

አምብሮዝ ወደ ሥጋ ቤቱ ገብቶ ዲጅኖና ፋኖስ ይዞ ወጣ። ክዳኑን ፈነቀለና ቀድሞ ወረደ።

“ሄስተር!” የሚል ድምፅ ከታች መጣ። “ነይማ፣ ቶሎ ነይ!”

ሄስተር ተከትላው ወረደች። ከታች ጥርት ያለ ጅረት ይወርዳል። በላዩ ላይ የጠራቢዎቹ ምልክት ገና ያልጠፋበት፣ እንደ ቀስት የጎበጠ የድንጋይ ድልድይ ቆሟል። ቤቶቹ ግራና ቀኙን ዘግተው፣ ገበያው ላዩ ላይ ተደላድሏል። ሄስተር ድንጋዩን በመዳፏ ዳሰሰችው።

“ዕድሜያችንን ሙሉ ድልድይ ላይ ቆመን ነው ለካ የምንሸጠው” አለ አምብሮዝ ቀስ ብሎ።

“ለምን ሸፈኑት ግን?”

“ይኸው ደግሞ ጀመረች!”

ከሰዓት በኋላ ግማሹ ከተማ ለመውረድ ተሰልፎ ነበር። አምብሮዝ ፋኖሱን ይዞ “ጭንቅላትህን ጠብቅ!” እያለ በየተራ ያወርዳል፤ ሄስተር ደግሞ ከጉድጓዱ የሚወጣውን ሁሉ “አንተስ ለምን የሸፈኑት ይመስልሃል?” እያለች ትይዛለች። ሁሉም የየራሱን ግምት ነገራት። በዚያ ቀን አንዲት ቁራጭ ፎርማጆ እንኳ አልሸጠችም።