የወረዳችን ታሪክና የአጎቴ ግጦሽ

ዲፕሎማዬን ይዤ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ከተቀጠርኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር። የወረዳውን ታሪክና ልማት የሚያትት መጽሔት እንዳዘጋጅ ስታዘዝ ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። የምጠይቀው ሽማግሌም ሩቅ አልነበረም። የአባቴ ታላቅ ወንድም ጨፋ ውስጥ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ይኖራሉ፤ አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደጉኝም እሳቸው ናቸው።

አጎቴ ሜዳው ላይ ቆመው ነገሩኝ። ቁጥቋጦውን መንጥረው፣ ረግረጉን በቦይ አፍስሰው ግጦሽ ያደረጉት አያታቸው ናቸው። በበጋ አፋሮች ከብት ይዘው ሲመጡም ተመለሱ ተብለው አያውቁም።

«ታዲያ መሬቱ የማን ነው ብዬ ልጻፍ?» አልኳቸው።

«ላፍቲ ከን ረቢቲ! መሬቱማ የረቢ፣ የአላህ ነው ልጄ። እኛ እንግዶች ነን።»

በእኛ አገር «የኔ ነው» ማለት ያስነውራል። ሰው በሬውን እየጎተተ እንኳ የማን ነው ቢሉት «የአላህ» ይላል፤ ባለበሬው ማን እንደሆነ ግን ለሰሚው አይጠፋውም። ለእኔም አልጠፋኝም። ግን አባባሉ ለጽሑፍ አማረኝ። ኃላፊዬ «አሳጥረው» ሲለኝ ምንጣሮውንና ቦዩን ቆርጬ አባባሉን ብቻ አስቀረሁ።

መጽሔቱ በወጣ በሁለተኛው ዓመት ሜዳው ለአንድ የእርሻ ባለሀብት ታጨ። አጎቴ ለግጦሹ የይዞታ ደብተር አልነበራቸውምና ኮሚቴ ፊት ቀርበው እንዲያስረዱ ተጠሩ። ሰብሳቢው የእኔን መጽሔት ገልጦ አነበበላቸው።

«ይህን ብለዋል?»

«ብያለሁ። ወላሂ ብያለሁ።»

«እንግዲያው ባለቤት የለውም። ቅሬታ ካለዎት ለአላህ ያቅርቡ።»

ኮሚቴው ሳቀ። አንዱ የአጎቴን መላጣ እያየ «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» ብሎ ሳቁን አባሰው። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርኩ። የቆረጥኩት ገጽ እዚያው መሥሪያ ቤት፣ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር፤ ተነስቼ ላምጣው ማለት እችል ነበር። ግን የደረጃ እድገቴን የሚፈርመው ሰብሳቢው ነው። «አቤቱታው ውድቅ ሆኗል» ብዬ ጻፍኩ። ጽሕፈቴ ያምር ነበር።

ከብቶቹን ሰንበቴ ገበያ ነድተን ወሰድናቸው። ግጦሽ ያጣ ሰው ከብቱን መልሶ እንደማይነዳ ነጋዴ ያውቃል። አንዱ የአጎቴን ላም ጎን በዱላ እየነካካ «ቆዳዋን ነው እንጂ ላሟንስ አልገዛትም» እያለ አላገጠባቸው። አጎቴ ገመዷን ሰጡት።

ስንመለስ ንዴቴን በሳቸው ላይ አወጣሁት። «ለምን አላልኩም ብለው አልካዱም?» አልኳቸው፤ ልክ ጥፋቱ የሳቸው እንደሆነ ሁሉ።

ቆመው አዩኝ።

«ምን ነካህ ልጄ? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የወንድሜን ልጅ ውሸታም ላድርገው? ከሥራህ ያባርሩህ አልነበር?»

«ጀዛከላህ፣ አላህ ይክፈልዎት» አልኳቸው።