አሳርፉልኝ

ሱሉልታ ባለው የእንስሳት መጠለያ ከመቀጠሬ በፊት ሰበታ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የአስተዳደር ቢሮ ጸሐፊ ነበርኩ። ሥራዬ ቃል ማለስለስ ነበር ብል አላጋነንኩም። የተባረረ ሠራተኛ «ተሰናብቷል» ይባላል፤ ማሽን ጣቱን የቆረጠው ደግሞ «መጠነኛ ጉዳት ደርሶበታል»። አንድ ከወላይታ የመጣ የሽመና ክፍል ሠራተኛ ደብዳቤውን ተቀብሎ ሁለት ጊዜ ካነበበ በኋላ፣ «ማንን ነው የምሰናበተው?» ብሎ ጠየቀኝ። በምሳ ሰዓት ለጓደኞቼ አወራሁላቸውና ሳቅን። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

የፋብሪካውን ሥራ የተውኩት ሰው ማሰናበት ስለሰለቸኝ ነው። እንስሳ ደብዳቤ አይጻፍለትም ብዬ መጠለያው ገባሁ። የምኖረው ቡራዩ ስለሆነ ጠዋት ከቡራዩ አስኮ፣ ከአስኮ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ ሱሉልታ ሦስት ሚኒባስ እቀያይራለሁ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ክረምት ላይ ደግሞ ጭቃው ጫማ ይቀማል። ሆኖም እንደ መጀመሪያዎቹ ወራት ደስ ብሎኝ የሠራሁበት ጊዜ የለም።

በሩ ላይ በአማርኛና በኦሮምኛ የተጻፈ ሰሌዳ አለ፦ «እዚህ የገባ አይጫንም፤ አይሸጥም፤ አይጣልም።» የጻፉት መሥራቿ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህርት፣ ቀጭን፣ ቃላቸውን የማያጥፉ ሴት። ነገሩን ያስጀመራቸው በየመንገዱ ዳር የሚያዩት ነው። አህያ ሲያረጅ ወይም ወገቡ ሲሰበር ባለቤቱ ገመዱን ፈትቶ አስፋልት ዳር ይተወዋል። ከመሸ ጅብ ይበላዋል፤ ካልሆነም አይሱዙ ይገጨዋል። ማንም እንደ ነውር አያየውም። ባጃጁና የጭነት መኪናው ከበዛ ወዲህ ደግሞ ገና ጉልበት ያላቸውም መጣል ጀምረዋል። የሰፈሩ ሰው እኛን «የአህያ ባሎች» ብሎ ስም አወጣልን። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚለውን ተረት ይዘው ነው። መምህርቷ ሲሰሙ ይስቁና፣ እኛ እናስጥላለን ይሉ ነበር።

ሁሉንም ግን ማዳን አይቻልም። እግሩ ተሰብሮ አጥንቱ የወጣ፣ ቁስሉ ውስጥ ድረስ የበሰበሰ ሲመጣ የመጠለያው የእንስሳት ሐኪም መርፌ ይወጋውና ያበቃል። ይህን «ማሳረፍ» እንለው ነበር። መግደል የሚለውን ቃል በመጠለያው ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። የመቀበያ ካርዱን እንደ አዲስ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ከታች ሦስት ሳጥን አለው፦ ማከም፣ ማቆየት፣ ማሳረፍ። ሐኪሙ አይቶ፣ «አንቺ እኮ ሞትንም ታሳምሪያለሽ» አለኝ። ምስጋና መስሎኝ ነበር።

ነሐሴ ላይ ነው፤ ዝናቡ ሳያቋርጥ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ከጫንጮ በኩል አንድ ሽማግሌ መጡ። ከፊት እሳቸው፣ ከኋላ አህያቸው። አልሳቧትም፤ ገመዱ አንገቷ ላይ እንደተጠቀለለ ነው፤ ብቻ እሳቸው ሲቆሙ ትቆማለች። ጀርባዋ ላይ ያለበሷትን ላስቲክ ሲገልጡት ሽታው ቀድሞ ደረሰኝ። ከትከሻዋ እስከ ወገቧ ገጣባ ነው፤ ጭነት የላጠው ቁስል፣ መሐሉ ጠልቆ መግል የቋጠረ።

አስቀምጫቸው ካርዱን መሙላት ጀመርኩ። ዕድሜዋን ስጠይቃቸው ይህ አስፋልት ሲሠራ ውርንጭላ ነበረች አሉኝ። ሥራዋ ውኃ ለየቤቱ ማድረስና እህል ወደ ወፍጮ ማመላለስ ነው። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ቤት ውስጥ ያሉት እሳቸውና እሷ ናቸው። እሳቸው የነገሩኝ ይህን ያህል ነው። እኔም በተራዬ ለመጣ ሁሉ የምሰጠውን ትምህርት ሰጠኋቸው። ቁስሉ የሚመጣው ጭነቱ በቀጭን ጆንያ ላይ ሲያርፍ ስለሆነ፣ ከጭነቱ ሥር የሚደረገው ደልዳል ወፍራም መሆን አለበት፤ መሐሉ ደግሞ አከርካሪዋን እንዳይነካ ክፍት ይተዋል። በደንብ አዳመጡኝ። ስንት ጣት ያህል ይወፍር ብለው ጠየቁኝ። አራት አልኳቸው። ሌላ አህያ ያላቸው መሰለኝ።

ከዚያ ምን እንድናደርግላቸው እንደሚፈልጉ ጠየቅኳቸው። እጃቸውን ግንባሯ ላይ አደረጉ።

«ደክሟታል፣ ልጄ። እኔም ከዚህ በላይ አይቼ አልቻልኩም። አሳርፉልኝ። ሃ ቦቆቱ።»

ኦሮምኛዬ ብዙ ባይሆንም ይህቺን አውቃታለሁ፤ እሷ ትረፍ ማለት ነው። እንደ አማርኛው ሁሉ ሰው ሲሞትም ያንኑ ቃል እንደሚሉ ከልቅሶ ቤት ተምሬአለሁ። በሁለት ቋንቋ ሰማሁ፤ በሁለቱም ገባኝ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ማለት እኔን ነው። ይባስ ብሎ ሽማግሌው ፊታቸውን አዙረው እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ያ እንባ ለእኔ ማረጋገጫ ሆነኝ። አውራ ጣታቸውን ቀለም ውስጥ ነክሬ ካርዱ ላይ አሳተምኳቸው። «እመጣለሁ» ብለው ወጡ። እንስሳቸውን ጥለውብን የሚሄዱ ሁሉ እመጣለሁ ነው የሚሉት፤ አንድም የመጣ አላየሁም። ስለዚህ ቃሉን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

ሐኪሙ ቁስሉን ከፍቶ ረጅም ጊዜ አየው። አከርካሪዋ አልተነካም፣ ሁለት ወር ደህና ብትታከም ትድናለች አለ። ቀጥሎ በረቱን ዞር ብሎ አየ። ክረምቱን በሙሉ መንገድ ዳር ሲጣሉ የሰነበቱት አህዮች ጎን ለጎን ታጭቀው ቆመዋል፤ ድርቆሹም ግማሹ ሻግቷል። ባለቤቱ ምን አሉ ብሎ ጠየቀኝ። አሳርፉልኝ ነው ያሉት አልኩት።

«ደግመሽ ጠይቀሻቸዋል?»

«አልቅሰው ነው የሄዱት።»

ውሸት አልነበረም። ሐኪሙ ሌላ ነገር አልጠየቀኝም፤ እኔም ሦስተኛው ሳጥን ላይ ምልክት አደረግኩ። እንዲያውም በሽማግሌው ኮርቼ ነበር። መንገድ ዳር እንደሚጥሉት አይደሉም፤ በክብር እንድትሞትላቸው ያን ሁሉ መንገድ በዝናብ አመጧት እያልኩ ለመምህርቷም አወራሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ራሷን የያዝኩት እኔ ነኝ። አልተራገጠችም። መርፌው ሲገባ ጆሮዋን ወደ በሩ አዞረች፤ እዚያው እንደዞረ ተልፈስፍሳ ወደቀች። ከታች ባሕር ዛፎቹ ሥር ቀበርናት። እኛ ዘንድ የሞተ እንስሳ ለጅብ አይጎተትም፤ በዚህ በጣም እንመካ ነበር።

መስከረም ተጋምሶ ጭቃው መጠጠር ሲጀምር፣ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው አየኋቸው። የታጠበ ጋቢ ለብሰዋል። ትከሻቸው ላይ የሆነ ነገር አንጠልጥለዋል፤ መቃብሯን ሊያዩ የመጡ መሰለኝ። ተነሥቼ ተቀበልኳቸው።

«አካም፣ ልጄ። አረፈች?»

«አርፋለች፣ አባባ። ምንም አላመማትም።»

ፊታቸው በራ። «ገለታ ዋቃ» ብለው አምላካቸውን አመሰገኑ። «እንግዲያው አምጪልኝ፤ ሳይመሽ ጫንጮ ልግባ።»

ያን ጊዜ ነው ትከሻቸው ላይ ያለውን ያየሁት። ደልዳል ነው። በእጅ የተሰፋ፣ ጭድ የተጠቀጠቀ፣ አራት ጣት የሚወፍር። መሐሉ ለአከርካሪ ክፍት ተትቷል።

እዚያው ነገርኳቸው ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። አልነገርኳቸውም። ሐኪሙን ልጥራው ብዬ ወደ መድኃኒት ክፍል ገባሁ፣ ለሐኪሙ ነገርኩት፣ እሱ ወጣ፣ እኔ ቀረሁ። በቆርቆሮው ግድግዳ በኩል ሁሉም ይሰማል። ሐኪሙ ቃል እያጣ ሲንተባተብ ሰማሁ። በመጨረሻ ሞታለች አላቸው። ጩኸት ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ያቺን የጻፈችውን ልጅ ጥሩልኝ አሉ።

ስወጣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ደልዳሉ ጉልበታቸው ላይ ነው። ያኔ የጻፍሽውን አንብቢልኝ አሉኝ። ካርዱን ከመሳቢያ አወጣሁ። «ባለቤቱ እንድናሳርፍላቸው ጠይቀዋል» ብዬ አነበብኩ፤ ከሥሩ የአውራ ጣታቸው አሻራ አለ። ጣታቸውን አንሥተው አዩት።

«ልክ ነው» አሉ። «እንደዚያ ነው ያልኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አማርኛዬ ደካማ ነው።»

አማርኛቸው ደካማ አልነበረም። እንደማንኛውም አማርኛ ተናጋሪ ነው የተናገሩት። አሳርፉልኝ ማለት አሳርፉልኝ ነው፤ ቃሉን ያበላሸነው እኛ ነን፣ ሳጥን ውስጥ ያስገባሁት ደግሞ እኔ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የቀረኝ፤ መቼ ይወስዷታል ብል ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበረች። ይህን ሁሉ ከመናገር ይልቅ ካርዱን ወደ መሳቢያው መለስኩት። ጥፋቱን ከእጄ ወስደው ተሸከሙልኝ፤ እኔም ሰጠኋቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

መቃብሯን አሳየናቸው። ሰው ለአህያ ሲቆም ያዩ መንገደኞች በአጥር ላይ አንገታቸውን አስግገው ሳቁ። ሽማግሌው አላዩአቸውም። ሲመለሱ በረቱ አጠገብ ትንሽ ቆሙ። ከሠላሳ የማያንሱ አህዮች ሜዳው ላይ ይግጣሉ፤ ከነሱ ውስጥ የዳኑ፣ የጠገቡ፣ ቢጫኑ የማይከብዳቸው አሉ። አዩ፤ አልጠየቁም። ሰሌዳውን ማንበብ ባይችሉም ምን እንደሚል ያውቃሉ።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ አንዷን እንስጣቸው ብዬ ከመምህርቷ ጋር ተከራከርኩ። እያለቀሱ እምቢ አሉኝ። ዛሬ ለአንድ ሰው ከሰጠን ነገ ይህ አጥር ገበያ ይሆናል፣ አይጫንም ብለን ቃል የገባነው ለእንስሶቹ ነው አሉ። እውነታቸውን ነው። እውነታቸውን በመሆኑ ጠላኋቸው።

ካርዱን ለወጥኩት። ሦስተኛው ሳጥን አሁን «መግደል» ይላል፤ ባለቤቱንም ሦስት ጊዜ እጠይቃለሁ፣ በሁለቱም ቋንቋ። ይህም የራሱን ጣጣ አመጣ። ስትገደል ቆሜ አላይም፣ እግዚአብሔር ያልገደላትን እኔ አላስገድልም እያሉ የማትድነዋን ይዘው የሚመለሱ አሉ። በማግሥቱ ስመጣ መንገድ ዳር ከጅብ የተረፈውን አያለሁ። ለስላሳውም ይገድላል፤ ሻካራውም አያስጥልም። የሰፈሩ ሰው ተረቱን ያወጣው በከንቱ አይደለም።

ባለፈው ኅዳር መኖ ልገዛ ወደ ጫንጮ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ነበርኩ። ከከተማው መግቢያ ወዲህ ያለውን ዳገት አንድ ሽማግሌ እህል የሞላ ጆንያ በጀርባቸው አዝለው ይወጣሉ፤ በየእርምጃው ይቆማሉ። ከጆንያው ሥር ደልዳሉ አለ፤ በገመድ ደረታቸው ላይ ታስሯል። መሐሉ ያለው ክፍት ቦታ ልክ አከርካሪያቸው ላይ ገጥሟል። ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው ለጎረቤቱ፣ «አባባ ኮርቻ አሠርተዋል» ብሎ ሳቀ፤ ሌሎቹም ሳቁ።

መኪናው ዳገቱን ቀስ ብሎ ይወጣ ነበር። ፊታቸውን አየሁት፤ በእጄ ርቀት ላይ ነበሩ። «ወራጅ አለ» ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ነው፤ የማያሻማ፣ ረዳቱም ሹፌሩም ወዲያው የሚሰማው። ወርጄ ጆንያውን ልቀበላቸው፣ አማርኛዎ ደካማ አይደለም ልላቸው እችል ነበር።

አላልኩም። ጫንጮ ደርሰን መኖውን ገዛሁና ተመለስኩ።